ከድሬዳዋ በላይ ያለው ሰማይ በከፍታ የሚከፋፈለው እንዴት ነው?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና አውሮፕላን በመደበኛው አሠራር 23 ሺህ ጫማ ላይ አይበርም፤ የሚሰጠው 22 ሺህ ወይም 24 ሺህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ደግሞ 21 ሺህን ወይም 23 ሺህን ይይዛል። በቀጥታ ሲለካ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን ይህን ጉዞ የሚያደርግ መንገደኛ በመስኮቱ የሚያየው ከታች ተራራና ሸለቆ፣ ከላይ ደግሞ ምንም የሌለበት የሚመስል ሰማይ ነው። ያ ሰማይ ግን ከመሬት ጀምሮ ወደ ላይ በቁጥር ተሸንሽኗል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ የራሱ የታችኛውና የላይኛው ወሰን አለው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይደበላለቃሉ። ከፍታ አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ይለያል፤ ይህ አንዱ ሥራው ነው። ከፍታ የአንዱን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ከመሬት ሆኖ አውሮፕላኖችን በሬዲዮ የሚመራውን ሰው፣ ኃላፊነት ከሌላው ተቆጣጣሪ ኃላፊነትም ይለያል፤ ይህ ሌላው ሥራው ነው። የመጀመሪያው የተመሠረተው በአየር ግፊትና በመለኪያ መሣሪያ ትክክለኛነት ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የተመሠረተው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት አውሮፕላን በጭንቅላቱ መያዝ ይችላል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሁለቱም በጫማ ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናትና ነገሩን ከሐዲዱ መጀመር ይቀላል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ካለ ሌላው ጣቢያ ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። በሰማይ ላይ ግን ቆሞ ማሳለፍ የለም። ቢበዛ አንድ ቦታ ላይ እየዞሩ መጠበቅ ይቻላል፤ እሱም ነዳጅ ይበላል። ሰማይ ለባቡር የማይገኝ ሦስተኛ አማራጭ ይሰጣል፤ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ መስመር ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረሩ፣ አንዳቸውም ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ፣ አንዱ በሌላው በላይ ማለፍ ይችላሉ።

በላይና በታች በሚያልፉ አውሮፕላኖች መካከል ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ርቀት በአብዛኛው 1000 ጫማ፣ ማለትም 305 ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት እጅግ ትንሽ የሚመስለው ከጎን ለጎን ርቀት ጋር ሲነጻጸር ነው። በራዳር በሚታዩ አውሮፕላኖች መካከል በጉዞ ላይ የተለመደው የጎንዮሽ ርቀት 5 ናቲካል ማይል፣ ማለትም ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ራዳር በማይደርስበት አካባቢ ደግሞ በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ የሚከታተሉ አውሮፕላኖች በአብዛኛው የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ልዩነት እንዲጠብቁ ይደረጋል፤ በጄት ፍጥነት 10 ደቂቃ ማለት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ አንጻር ከፍታ ለተቆጣጣሪው ከሁሉም የረከሰ መለያ ነው። በ305 ሜትር ልዩነት የሚያገኘውን ደኅንነት በጎን ለማግኘት ቢሻ ብዙ ኪሎ ሜትር ሰማይ ይጠይቀዋል።

የአቅጣጫው ደንብ ከዚህ ይመነጫል። በኮምፓስ ከ0 እስከ 179 ዲግሪ፣ በግርድፉ ወደ ምሥራቅ፣ የሚበር አውሮፕላን ጎዶሎ ሺዎችን ይይዛል፤ ከ180 እስከ 359 ዲግሪ፣ በግርድፉ ወደ ምዕራብ፣ የሚበር ደግሞ ሙሉ ቁጥር የሆኑትን። ከአዲስ አበባ ሲታይ ድሬዳዋ በምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ትገኛለች፤ ስለዚህ መምጫው ጎዶሎ፣ መመለሻው ሙሉ ሆነ። ደንቡ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጣሊያንን የመሰሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉና አብዛኛው በረራቸው በዚያው አቅጣጫ የሆነ አገሮች ክፍፍሉን የሚያደርጉት በሰሜንና በደቡብ ነው። ተቆጣጣሪውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲገጥመውና ሌሎቹን በረራዎች ማስተካከል ሲችል ከደንቡ የወጣ ከፍታ መስጠት ይችላል። የደንቡ ትልቁ ጥቅም፣ ሬዲዮ ቢቋረጥ እንኳ ፊት ለፊት የሚመጡ አውሮፕላኖች ገና ከመነሻቸው በተለያየ ከፍታ የተመደቡ መሆናቸው ነው።

እስካሁን ስለ ጫማ ስንናገር ርዝመት እንደሚለካ አድርገን ነው። የአውሮፕላኑ የከፍታ መለኪያ ግን ርዝመት አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱ ይወርዳል፤ መሣሪያው የወረደውን ግፊት ወደ ጫማ ለውጦ ያሳያል። ለውጡን ለመሥራት ግን መነሻ የሚሆን ግፊት ሊነገረው ይገባል፤ ይህን አብራሪው በእጁ ያስገባል። በድሬዳዋ ማኮብኮቢያ ላይ የቆመ አውሮፕላን የዕለቱን የባሕር ወለል ግፊት ካስገባ መለኪያው ዜሮ ሳይሆን 3800 ጫማ ገደማ ያሳያል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ የሚገኘው 1160 ሜትር አካባቢ ላይ ነውና።

ችግሩ ግፊቱ ከቦታ ቦታ፣ ከሰዓት ሰዓት መለዋወጡ ነው። ግፊት የሚለካው ሄክቶፓስካል በሚባል አሃድ ነው፤ ከባሕር ወለል አጠገብ የ1 ሄክቶፓስካል ልዩነት ማለት 27 ጫማ ያህል ነው። አንዱ አብራሪ 1013፣ ሌላው 1023 አስገብቶ ቢበር፣ ሁለቱም መለኪያዎች ፍጹም ደኅና ሆነው ሳለ በመካከላቸው ወደ 270 ጫማ የሚጠጋ ስሕተት ይኖራል። ያ ከአንድ ሺህ ጫማው ከሩብ በላይ የሚሆነውን በላ ማለት ነው። አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ከጅቡቲ፣ ሦስተኛው ከናይሮቢ ተነሥቶ እያንዳንዱ የመነሻውን ግፊት ይዞ ቢመጣ፣ ከድሬዳዋ በላይ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ተለያየ «24 ሺህ» ይሆናል።

መፍትሔው ስምምነት ነው። ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሁሉም አብራሪዎች፣ የዕለቱ የአየር ጠባይ ምንም ይሁን ምን፣ 1013.25 ሄክቶፓስካልን ያስገባሉ። ይህን ካደረጉ በኋላ የሚያነቡት ቁጥር ከመሬትም ሆነ ከባሕር ወለል ትክክለኛ ርቀታቸውን አይነግርም፤ ለዚህም «ከፍታ» መባሉ ይቀርና «ፍላይት ሌቭል» ይባላል፤ በአማርኛ የበረራ ደረጃ የሚሉትም አሉ። በመደበኛው ግፊት 24 ሺህ ጫማ የሚያነብ አውሮፕላን ደረጃው 240 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ይቆረጣሉ። የዕለቱ ግፊት ዝቅ ካለ ደረጃ 240 ራሱ ወደ መሬት ይጠጋል፤ ከፍ ካለ ይርቃል። ሁሉም በአንድነት ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይነካም። ከላይ የሚፈራው ሌላው አውሮፕላን ስለሆነ አንጻራዊው ልዩነት ይበቃል፤ ከታች የሚፈራው ተራራ ስለሆነ እውነተኛው ከፍታ የግድ ይሆናል። መቀየሪያው ከፍታ ከአገር አገር የተለያየ ነው፤ በአሜሪካ 18 ሺህ ጫማ ሲሆን በሌሎች አገሮች ከዚያ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል።

ከድሬዳዋ ጋር ሲያያዝ ተራራው ተራ ነገር አይደለም። ከተማዋ በሐረርጌ ደጋ ግርጌ ናት። ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ገና ከከተማው እንደወጣ የደንገጎን ጠመዝማዛ መውጣት ይጀምራል፤ ሐረር ራሷ ከድሬዳዋ በ700 ሜትር አካባቢ ትበልጣለች፤ ከሐረር ወደ ምዕራብ ያለው ጋራ ሙለታ ደግሞ 3381 ሜትር፣ ማለትም ከ11 ሺህ ጫማ በላይ ነው። በመሣሪያ የሚበር፣ ማለትም አብራሪው ውጭውን በዓይኑ እያየ ሳይሆን መሣሪያዎቹን እየተከተለ የሚነዳው አውሮፕላን ከከፍተኛው እንቅፋት በላይ ቢያንስ 1000 ጫማ፣ በተራራማ አካባቢ ደግሞ 2000 ጫማ እንዲጠብቅ ይጠየቃል። ስለዚህ በጋራ ሙለታ ዙሪያ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ሰማይ የሚጀምረው ከ13 ሺህ ጫማ አካባቢ ነው። በሌላው በኩል፣ ከከተማዋ ወደ ሰሜን ወደ ቆላው ሲኬድ፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን ከዚያ በብዙ ሺህ ጫማ ዝቅ ብሎ ቢበር የሚያሰጋው ነገር የለም። ካርታ ላይ የተጻፉት ዝቅተኛ ከፍታዎች ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው ይህን ያህል የሚራራቁት በዚህ የተነሣ ነው።

የድሬዳዋ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ይህን ለድሬዳዋ ሰው መንገር ቀልድ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተቆጣጣሪው «ይህ አውሮፕላን ከዚያ ነጥብ በፊት 18 ሺህን ያልፋል» ብሎ የሚያሰላው ስሌት በጠዋትና በቀትር አንድ አይሆንም። በከፍታ መለኪያው ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ግን ደግነቱ ወደ ደኅናው አቅጣጫ ነው፤ በሞቃት አየር ውስጥ አውሮፕላኑ መለኪያው ከሚያሳየው ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ተራራ ላይ የሚጥለው ተቃራኒው፣ የብርድ አገር ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የከፍታ ሥራ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው ደንግጓል። በዚሁ ስምምነት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ የዓለምን ሰማይ የበረራ መረጃ ቀጠና በሚባሉ ሰፋፊ ክልሎች ከፋፍሎ አገልግሎቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይመዘግባል። ድሬዳዋና ሐረር በአዲስ አበባ ቀጠና ውስጥ ናቸው። በቀጠናው ውስጥ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ከመሬት የሚነሣ ክልል አለ፤ ይህ የማማው ነው፤ ተቆጣጣሪው በዓይኑ እያየ የሚያሳርፍበትና የሚያስነሣበት። ከዚያ በላይና ዙሪያ ለመውጣትና ለማረፍ የሚዘጋጁ አውሮፕላኖች የሚስተናገዱበት ሰፋ ያለ ክልል ሊኖር ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለውን የረጅም ጉዞ ሰማይ የሚይዘው የአካባቢ ቁጥጥር ማዕከል ነው።

ኢካኦ ሰማዩን በአገልግሎት ዓይነትም ከኤ እስከ ጂ በሰባት መደቦች ይመድበዋል። በመደብ ኤ ውስጥ በመሣሪያ የሚበሩ ብቻ ይገባሉ፤ ሁሉም ከሁሉም እንዲለያዩ የማድረግ ኃላፊነቱም የተቆጣጣሪው ነው። በመደብ ጂ ውስጥ ቁጥጥር የለም። በመካከል ያሉት አምስቱ፣ ማን ከማን ይለያል፣ ማን ምን ይነገረዋል በሚለው ይለያያሉ፤ ዝርዝሩ ለባለሙያ ካልሆነ ብዙም አያስፈልግም።

ሴክተር ማለት በቁጥጥር ማዕከሉ ኃላፊነት ሥር ካለው ሰማይ ለአንድ የሥራ ቦታ የተቆረሰ ክፍል ነው። ጎኖቹ በካርታ ላይ በመስመር ይታያሉ፤ የታችኛውና የላይኛው ወሰኑ በከፍታ ይነገራል። አንድ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች አብረው ይይዙታል፤ አንዱ ከአብራሪዎች ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል፣ ሌላው ሊገቡ ያሉትን በረራዎች አስቀድሞ እያየ ከጎረቤት ሴክተሮች ጋር ይስማማል። በሴክተሩ ውስጥ በሰዓት የሚያልፉት በረራዎች ከሁለቱ ሰዎች አቅም በላይ መሆን ሲጀምሩ ሴክተሩ ለሁለት ይከፈላል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ በጎን መክፈል ነው፤ ምሥራቁን ለአንዱ፣ ምዕራቡን ለሌላው መስጠት። ይህ እስከተወሰነ ድረስ ይሠራል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በደቂቃ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 60 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ሴክተር በ4 ደቂቃ ያቋርጣል። በእነዚህ 4 ደቂቃዎች ውስጥ አብራሪው ራሱን ያስተዋውቃል፣ ተቆጣጣሪው ይለየዋል፣ ትእዛዝ ካለ ይሰጠዋል፣ ከቀጣዩ ሴክተር ጋር ይስማማል፣ አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይነግረዋል። ሴክተሩ ሲጠብ ሥራው ሁሉ መቀበልና ማስረከብ ይሆናል፤ ችግር አይቶ ለማስተካከል የቀረ ጊዜ አይኖርም። ሰማዩን በከፍታ መክፈል የተመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው። የሴክተሩ ስፋት እንዳለ ይቆያል፤ አውሮፕላኑ በአንድ ተቆጣጣሪ እጅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የበረራዎቹ ቁጥር ግን ለሁለት ይካፈላል።

በከፍታ መክፈል ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የላይኛውና የታችኛው ሰማይ የሥራ ጠባያቸው የተለያየ ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በመደበኛ ይዞታው ከ25 ሺህ ጫማ በላይ አይወጣም። ከዚያ በታች ያለው ሰማይ የሚወጡ፣ የሚወርዱ፣ ፍጥነታቸው የተለያየ አውሮፕላኖች የሚበዙበት ነው። ከ29 ሺህ እስከ 41 ሺህ ጫማ ያለው ግን በአብዛኛው የጄት ሰማይ ነው፤ ብዙዎቹ ከፍታቸውን ይዘው በቀጥታ የሚያልፉ፣ በተቀራራቢ ፍጥነት የሚጓዙ ናቸው። አሥር ቀጥ ብለው የሚያልፉ አውሮፕላኖች ከአራት የሚወጡና የሚወርዱ አውሮፕላኖች ያነሰ ሥራ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ምክንያቱም አንድ ሺህ ጫማ የሚለያያቸው፣ ከፍታቸውን የማይቀይሩ ሁለት አውሮፕላኖች በመካከላቸው የሚታሰብ ነገር የለም፤ የሚወጣ አውሮፕላን ግን በየመንገዱ የእያንዳንዱን ሌላ አውሮፕላን ደረጃ ያቋርጣል። የሴክተርን ጭነት በአውሮፕላን ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወሰኑ የሚሰመርበት ቁጥር ራሱ ትኩረት የሚገባው ነው። በአውሮፓ፣ በማስትሪክት የሚገኘው ማዕከል የቤልጂየምን፣ የኔዘርላንድንና የሉክሰምበርግን እንዲሁም የሰሜን ምዕራብ ጀርመንን የላይኛውን ሰማይ ይቆጣጠራል፤ የሚጀምረው ከ24 ሺህ 500 ጫማ ነው። ለምን 24 ሺህ ወይም 25 ሺህ አልሆነም? በጉዞ ላይ ያለ አውሮፕላን፣ ጎዶሎም ይሁን ሙሉ፣ ግማሽ የሌለበት ሺህ ስለሚይዝ፣ ወሰኑ እንዲህ ባለ ሺህ ላይ ቢሆን ኖሮ በዚያ ደረጃ የሚበር አውሮፕላን የማን እንደሆነ በየጊዜው ያጠያይቅ ነበር። በግማሽ ላይ ሲሰመር 240 ያለ ክርክር የታችኛው፣ 250 ያለ ክርክር የላይኛው ይሆናል፤ በወሰኑ ላይ ተረጋግቶ የሚበር ማንም የለም። ወሰን መለያየት አይደለም የሚለውን ልዩነት ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርገው ምሳሌ አላውቅም፤ በ240 እና በ250 የሚበሩትን ሁለት አውሮፕላኖች ከግጭት የሚጠብቃቸው በመካከላቸው ያለው አንድ ሺህ ጫማ እንጂ በመካከሉ ያለፈው መስመር አይደለም።

መስመሩ የሚከብደው አውሮፕላን ሲያቋርጠው ነው። ከድሬዳዋ የተነሣ ጄት ሩቅ ለመጓዝ 34 ሺህ ጫማ ይፈልጋል እንበል፤ የሚያልፍበት ሰማይም በ24 ሺህ 500 ለሁለት ተከፍሏል እንበል። የታችኛው ተቆጣጣሪ በራሱ ሥልጣን ሊሰጠው የሚችለው እስከ 240 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለማስወጣት የላይኛውን ማስፈቀድ አለበት፤ ይህም በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም አስቀድሞ በተጻፈ የሥራ ስምምነት ይፈጸማል። ፈቃዱ ከዘገየ አውሮፕላኑ 240 ላይ ይቆማል፤ በዝቅተኛ ከፍታ መቆየት ለጄት ነዳጅ ማባከን ስለሆነ አብራሪው መነጫነጩ አይቀርም። ፈቃዱ ሲመጣ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ፣ ቁጥሩ በየአሃዙ ተነጥሎ ይነገራል፤ «ፍላይት ሌቭል ትሪ ፎር ዜሮ»። አብራሪው ያንኑ ቁጥር መልሶ መናገር ግዴታው ነው፤ ተቆጣጣሪውም የተመለሰውን ማዳመጥ ግዴታው ነው። በወረቀት በሚሠራበት ማዕከል እያንዳንዱ በረራ በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ የገባ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ አለው፤ ስትሪፕ ይባላል። አዲስ ከፍታ ሲሰጥ ይጻፍበታል፤ አሮጌው ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም። ቦታውን የሚረከበው ሰው የትኛው አውሮፕላን ከየት ወደ የት እየወጣ እንደሆነ ከዚያው ያነባል።

በረራ ሲቀንስ፣ በተለይ ሌሊት፣ የተከፈሉት ሴክተሮች ተመልሰው ይዋሐዳሉ፤ ሁለቱን አንድ ሰው ይይዛቸዋል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የዕለት ተዕለት አሠራር ነው። አደጋው የሰው ኃይል ከሥራው በፊት ሲቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት በደቡብ ጀርመን፣ በኡበርሊንገን ከተማ አቅራቢያ የሩሲያ ቱፖለቭ 154 እና የጭነት ቦይንግ 757 ሲጋጩ 71 ሰዎች ሞተዋል። ሰማዩን ከዙሪክ ይቆጣጠር የነበረው ሰው የሥራ ባልደረባው ለዕረፍት በመውጣቱ ብቻውን በሁለት የሥራ ቦታዎች ላይ ይሠራ ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች በደረጃ 360 ላይ እየተጠጋጉ መሆናቸውን ያየው ዘግይቶ ነው። ቱፖለቩን ውረድ አለው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ ደግሞ ውጣ ይል ነበር፤ ቦይንጉ የራሱን መሣሪያ ታዝዞ ይወርድ ነበር፤ ቱፖለቩ ተቆጣጣሪውን ታዘዘ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውና ተቆጣጣሪው ሲቃረኑ መታዘዝ ያለበት መሣሪያው እንደሆነ በማያሻማ ቋንቋ ተደነገገ።

ሌላው የከፍታ አደጋ ስለ ማየት ነው። የጥንቱ ራዳር አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ በምን ከፍታ እንዳለ አይነግርም። ከፍታውን የሚነግረው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ትራንስፖንደር ነው፤ ከመሬት ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ በ1013.25 የተለካውን ደረጃ አብሮ ይልካል፤ አብራሪው በመለኪያው ላይ ያስገባው ግፊት ይህን ቁጥር አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1996 ከዴልሂ አጠገብ በቻርኪ ዳድሪ የሳዑዲ ቦይንግ 747 እና የካዛክስታን ኢሊዩሺን 76 ተጋጭተው 349 ሰዎች አልቀዋል። ሳዑዲው 14 ሺህ፣ ካዛኩ 15 ሺህ ጫማ ላይ እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር፤ ደንቡ ተጠብቋል፤ ካዛኩ ግን ከተፈቀደለት በታች ወረደ። በጊዜው የነበረው ራዳር ከፍታ ስለማያሳይ ተቆጣጣሪው መውረዱን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ከ29 ሺህ ጫማ በላይ አንድ ሺህ ጫማ በቂ ሆኖ የተቆጠረው በቅርቡ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ የሚቀየረው በዝግታ ነው፤ ከታች 27 ጫማ የነበረው 1 ሄክቶፓስካል 36 ሺህ ጫማ ላይ 90 ጫማ ይሆናል። ያው የመሣሪያ ስሕተት ከላይ ሲሆን ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ ከ29 ሺህ በላይ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የነበረው የ2000 ጫማ ልዩነት ነው። መለኪያዎቹ ሲሻሻሉ ልዩነቱ ወደ 1000 ዝቅ አለ፤ በሰሜን አትላንቲክ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በአፍሪካ እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2008። ከ29 ሺህ እስከ 41 ሺህ ባለው ሰማይ ውስጥ 7 የነበሩት ደረጃዎች 13 ሆኑ። ወደዚያ ሰማይ የሚገባ አውሮፕላን ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የከፍታ መለኪያዎች፣ ከተመደበለት ሲወጣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያና ከፍታውን የሚጠብቅ አውቶፓይለት ሊኖረው ይገባል። አቅም በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን የተቃረበው አንድም አዲስ መንገድ ሳይዘረጋ መሆኑ ያስገርማል።

የድሬዳዋ ሰማይ የሲቪሉ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ የአየር ኃይል ሰፈርም ናት። የጦር አውሮፕላን ልምምድ በቀጥታ መስመርና በአንድ ከፍታ ስለማይካሄድ አንድ ደረጃ መስጠት አይጠቅመውም። በየትኛውም አገር ለእንዲህ ያለው በረራ የሚለየው ከታች እስከ ላይ የሆነ ሙሉ የከፍታ ክልል ነው፤ ልምምዱ በሚቆይበት ሰዓት ሌላው ከበላዩ ወይም ከጎኑ ያልፋል።

ወደ ምሥራቅ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲኬድ የሚጀምረው የሞቃዲሾ ቀጠና ደግሞ ቁጥጥር ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ያሳያል። የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የዚያ ሰማይ መደብ ጂ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ቆየ። በዚያ የሚያልፉ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ቦታቸውንና ደረጃቸውን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር፤ የሰማ ይጠነቀቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የላይኛው ሰማይ እንደገና መደብ ኤ ሆነ፤ ደረጃ የሚሰጥና የሚለይ ተቆጣጣሪ ተመለሰለት።

በመጨረሻ በመስኮት በኩል ስለሚታየው። ወደ ምሥራቅ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ አንዳንዴ ሌላ አውሮፕላን ከበላዩ ወይም ከበታቹ በድንገት ሽው ብሎ ሲያልፍ ያይና «ለጥቂት ተረፍን» ብሎ ለጎረቤቱ ይነግራል። እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት ጄቶች የሚቀራረቡት በሰከንድ በ500 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያ አውሮፕላን ለዓይን ገብቶ እስኪጠፋ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ በ305 ሜትር ርቀት ላይም አርማው ሳይቀር ሊነበብ ይችላል። ያየው ነገር አደጋ አይደለም፤ አንዱ ጎዶሎውን፣ ሌላው ሙሉውን ይዘው እንደ ተመደበላቸው መተላለፋቸው ነው።